ቁሌቱ ካልበሰለ ኮኮናቱ አያድነውም

ባለፈው እትም ላይ ካኦ ሶይ ስለሚባለው የሰሜን ታይላንድ የኮኮናት ሾርባ ሁለት መስመር ብቻ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለሱ ናቸው። የጻፋችሁልኝም ከመሀል ከተማ ሳይሆን ከዳር ዳሩ ነው፤ ከኮዬ ፈጬ፣ ከሰበታ፣ ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ። በጣም ደስ ብሎኛል። እኔም የምኖረው ዳር ላይ ነው፤ አንድ ነገር ጎደለ ተብሎ ሁለት ታክሲ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ የዛሬው አምድ ሙሉ በሙሉ የዚህ ሾርባ ነው።

ጥያቄ (ከኮዬ ፈጬ)፦ ሰላም እህቴ። ባለቤቴ ለሥራ ታይላንድ ሄዶ ከተመለሰ ጀምሮ ስለ አንድ ሾርባ አውርቶ አይጠግብም። ቢጫ ነው ይላል፤ ኮኮናት አለው፤ ኑድልሱ ከታች ለስላሳ፣ ከላይ ደግሞ የተጠበሰ ነው። የቆርቆሮ የኮኮናት ወተት ገዝቼ፣ ከሪ ጨምሬ፣ ኢንዶሚ ከትቼ ሠራሁለት። ጥሩ ነው አለኝ፤ ግን ግማሹን ተወው። እኔም ስቀምሰው ወተት ውስጥ ቅመም የተበጠበጠ መሰለኝ። ምን ጎድሎት ነው? ቅመም ፍለጋ ቦሌ ድረስ መሄድ አለብኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ የጎደለው ቅመም አይደለም። የጎደለው ማቁላላት ነው።

ዶሮ ወጥ ስትሠሪ ሽንኩርቱን፣ በርበሬውን፣ ውሃውንና ዶሮውን በአንድ ጊዜ ድስት ውስጥ ከትተሽ አትጥጂም። ብትጥጂው ምን እንደሚሆን ታውቂዋለሽ፤ በርበሬው ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ሽንኩርቱ ለብቻው ውሃው ለብቻው ይሆናል። የታይላንድ ከሪም እንደዚያው ነው። ቁሌት አለው። እኔም የመጀመሪያ ቀን ሁሉንም አንድ ላይ ነበር የጨመርኩት፤ ልጆቼ ዶሮውን ለቅመው በልተው ሾርባውን ተዉት። ሁለተኛ ጊዜ እንደ ወጥ አስቤ ስሠራው ድስቱ ባዶ ሆነ። ልዩነቱ ሃያ ደቂቃ ነው።

ባለቤትሽ የሚያወራው ካኦ ሶይ ነው፣ የቺያንግ ማይ ምግብ። ቺያንግ ማይ በሰሜን ታይላንድ ያለች ከተማ ናት። ሾርባው ከቻይና ዩናን በበቅሎ ሸቀጥ ጭነው ይመላለሱ ከነበሩ ሙስሊም ነጋዴዎች ጋር ስሙ ይነሳል። ጎረቤቷ በርማ ደግሞ ኦን ኖ ካው ስዌ የሚባል ዘመድ አለው፤ የኮኮናት ወተት ኑድልስ ማለት ነው። ላኦስ ውስጥ በዚሁ በካኦ ሶይ ስም የሚጠራው ሾርባ ግን ጭራሽ ኮኮናት የለውም። ይህን የምነግርሽ ትክክለኛው አሠራር አንድ ብቻ ነው ብለሽ እንዳትፈሪ ነው። እነሱም ባላቸው ነው የሚሠሩት።

ቦሌ አያስፈልግሽም። ወተቱን ካገኘሽ የቀረው ጉሊት አለ።

ለ4 ሰው የሚሆነውን ልንገርሽ። 5 ዛላ በርበሬ ወስደሽ ፍሬውን አራግፊ፣ ምጣድ ላይ ለአፍታ አመስ አድርጊና ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው። የተፈጨውን የወጥ በርበሬ ግን አደራ እንዳትነኪው። እሱ ውስጥ በሶብላውም አዝሙዱም ሌላውም ስላለ ሾርባሽ ወጥ ወጥ ይላል። ከዚያ 2 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት (ደቃቁ የሐበሻ ሽንኩርት ከተገኘ 8 ፍሬ ያህል፣ እሱ ይሻላል)፣ 8 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል። ሦስቱንም ከነልጣጫቸው ከሰል ላይ ጥቁር ጥቁር እስኪሉ ጠበስ አድርጊያቸውና ልጣጫቸውን አንሺ። ሰሜን ታይላንዶች እንደዚህ ያደርጋሉ፣ የጭሱ ሽታ ሾርባው ውስጥ ይገባል። መብራት ጠፍቶ ከሰል ያቀጣጠልሽበት ቀን ካለ ያ ቀን የዚህ ሾርባ ቀን ነው።

ጠጅ ሣር ያስፈልግሻል። ግቢው የተከለ ጎረቤት አይጠፋም፣ ለሻይ እያሉ ይተክሉታል። ታይላንዶች ያንን ሎሚ ሎሚ የሚል ሽታ የሚያገኙት ከዚሁ ተክል ነው። ቅጠሉን ለሻይሽ ተዪው፤ የታችኛውን ነጩን ክፍል ከ2 ዘለላ ወስደሽ ቀጭን ቀጭን አድርገሽ ክተፊው፣ ካልተከተፈ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ከደረቁ ቅመም 1 የሾርባ ማንኪያ ድንብላልና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከሙን አምሰሽ፣ የአንድ ኮረሪማ ፍሬ፣ 1 የሻይ ማንኪያ እርድ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ከሪ። እነሱ ጭስ ጭስ የሚል ትልቅ ጥቁር ሄል ነው የሚጨምሩት። ኮረሪማ የዚያው ቤተሰብ ነው፤ እኔማ ሽታውን ስለምወደው ሌላ አልፈልግም።

ሙቀጫ ውስጥ ደረቁን ከጨው ጋር አስቀድመሽ ውቀጪ፣ ከዚያ ጠጅ ሣሩንና በርበሬውን፣ መጨረሻ ላይ ሽንኩርቶቹንና ዝንጅብሉን። ብሌንደር ካለሽ ይሁን፤ ግን አልፈጭ ብሎ ሲያስቸግርሽ ውሃ አትጨምሪ። ከኮኮናቱ ሁለት ማንኪያ ጣል አድርጊበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። 400 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ቆርቆሮ 2 ያስፈልግሻል። ስትከፍቺው አትነቅንቂው። ቀዝቃዛ ቦታ ካደረ ወፍራሙ ከላይ ይቀመጣል። ያንን ወፍራሙን ብቻ አንድ ኩባያ ያህል አንሺና ድስት ውስጥ ጨምሪ። መካከለኛ እሳት። ሌላ ዘይት የለም፣ ዘይቱ ከራሱ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ ይንተከተካል፣ ከዚያ ይወፍራል፣ ከ8 ወይም ከ10 ደቂቃ በኋላ ድምፁ ይለወጣል፤ መንተክተኩ ቀርቶ እንደ መጥበሻ መንጫጫት ይጀምራል፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይም ጥርት ያለ ዘይት ታያለሽ። የፈጨሽውን የምትጨምሪው ያን ጊዜ ነው። አንዳንዱ ቆርቆሮ ጓር ጋም የሚባል ማያያዣ ስላለበት ዘይቱን ሙጥኝ ብሎ ይይዛል። ደቂቃው አልፎ ካልለቀቀ አትጨነቂ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጨምሪና ቀጥይ።

ቅመሙ ከገባ በኋላ 7 ወይም 8 ደቂቃ እያማሰልሽ አቁላዪው። እንዳያርብሽ ቀጭኑን ወተት ጠብ እያደረግሽ፣ ልክ ለወጥ ውሃ ጠብ እንደምታደርጊው። ጠጋ ብለሽ አሽትቺው። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ከሸተተሽ ገና ነው። ዶሮ ወጥ የለመደ አፍንጫ አይሳሳትም፣ እመኚው። ቀለሙ ጠቆር ብሎ ቀዩ ዘይት ወደ ላይ ሲመጣ በሎሚና በጨው የታጠበውን 4 የዶሮ ጭን ጨምሪና አገላብጪው፤ የቀረውን ወተትና 3 ኩባያ ውሃ ጨምረሽ በቀስታ ይብሰል። በዓሣ ሶስ ፈንታ 2 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ቡናማ ስኳር። ጨውን መጨረሻ ላይ ቅመሺ፣ ሶያው ራሱ ጨው ነው።

ኑድልሱን ለየብቻ ቀቅይ። ሾርባው ውስጥ አትቀቅይው፣ ይጠጣዋል። ኢንዶሚ ከሆነ ያለሽ ትንሿን የቅመም ከረጢት ወዲያ በያት። የፓኬት ኑድልስ አብዛኛውን ጊዜ ፋብሪካ ውስጥ የተጠበሰ ስለሆነ ለላዩ የሚሆነውን ግማሽ ፓኬት ሳትቀቅይ ሰባብረሽ ብትነሰንሺው ያ የተጠበሰው ነገር ተገኘ ማለት ነው።

እና አሁን የምወደው ክፍል። ባለቤትሽ ከሾርባው ጎን ትንሽ ሳህን ላይ ኮምጣጣ ቅጠል ቀርቦለት እንደሆነ ጠይቂው። ቀርቦለታል። የተኮመጠጠ የሰናፍጭ ቅጠል ነው፣ ያለሱ የኮኮናቱ ቅባት አፍ ላይ ይከብዳል፣ ምናልባት ግማሹን ያስተወውም ይሄ ነው። የእኛ የሐበሻ ጎመን ደግሞ ራሱ ከሰናፍጭ ወገን ነው፤ ፈረንጆቹም የኢትዮጵያ ሰናፍጭ ነው የሚሉት። አንድ እስር ገዝተሽ አገዳውንም ጭምር ክተፊ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው ነስንሺና በእጅሽ እሺው፣ ለአንድ ሰዓት ተዪው። ውሃውን ጭመቂ። ግማሽ ኩባያ አቼቶ፣ ግማሽ ኩባያ ውሃ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ስኳር አፍልተሽ ሲበርድ አፍስሺበት። በማግስቱ ይደርሳል። ሁለተኛው ቀን ላይ ይበልጥ ይጥማል። ጥሬ ቀይ ሽንኩርት በቀጭኑ ከትፈሽ፣ ሎሚ ሰንጥቀሽ አብረሽ አቅርቢ። ሎሚው ትንሿ ክቧ የእኛው ናት፣ እነሱም የሚጨምቁት ይህንኑ ዓይነት ነው።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ። ትንሿ ልጄ ይህን ሾርባ በጾም እንሥራ እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ወተት እየተባለ እንዴት ጾም ይሆናል አልኳት። ደግሞ ከገበያ የመጣ የተዘጋጀ የከሪ ቅመም በብልቃጥ ገዝታለች። ምን ትያለሽ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን እናቴ፣ እርስዎስ እንደምን ከረሙ። ወተት መባሉ ስም ብቻ ነው። የሱፍ ፍትፍት ሲያዘጋጁ ሱፉን ወቅጠው በውሃ አሽተው አጥልለው ነጩን እንደሚያወጡት ማለት ነው፤ ኮኮናቱም ተፍቆ፣ በሙቅ ውሃ ታሽቶ፣ ተጨምቆ ነው። ከእንስሳ የመጣ ምንም የለበትም።

ብልቃጡን ግን ይመልከቱት። ከታይላንድ የሚመጣ የተዘጋጀ የከሪ ቅመም ብዙውን ጊዜ የተፈጨ ሽሪምፕ አለበት፣ በጥቃቅን ፊደል ከጀርባው ይጻፋል። ልጅዎ ታንብብልዎት። የዓሣ ሶስም እንዲሁ፣ ስሙ እንደሚለው ከዓሣ ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን እንደየቤትዎ ልማድ ነው፣ እኔ አልገባበትም፤ ግን ሶያ ሶስ ከተጠቀሙ ጥያቄው ራሱ አይነሳም። የካኦ ሶይ ኑድልስ በእንቁላል የሚቦካ ነው፣ ስለዚህ እርስዎ ከስንዴና ከውሃ ብቻ የተሠራ ስፓጌቲ ይያዙ።

አንድ ዘዴ ልንገርዎት። ስፓጌቲው በሚፈላበት ውሃ ላይ ለ1 ሊትር 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይጨምሩ። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፣ ሶዳው። ውሃው አረፋ ስለሚያወጣ ትልቅ ድስት ይሁን። ስፓጌቲው ቢጫ ይላል፣ ይለጠጣል፣ የኑድልስ ጠባይ ያመጣል፤ ሲያወጡት በሙቅ ውሃ ለቅለቅ ያድርጉት። በዶሮው ቦታ አዳሩን የተዘፈዘፈና የተቀቀለ ሽንብራ፣ ድንች በትልልቁ፣ እንጉዳይ ከተገኘ እንጉዳይ። እንጉዳዩን ለብቻው ጠብሰው መጨረሻ ላይ ቢጨምሩት ጥሩ ነው። ሽንብራው የተቀቀለበትን ውሃ አይድፉት፣ ለሾርባው እሱን ይጠቀሙ። የሥጋ መረቅ ስለሌለ ሾርባውን ወፈር የሚያደርገው እሱ ነው።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ሰላም ነው። ላጤ ነኝ፣ ያለኝ አንድ ምድጃ ነው። የቆርቆሮው ዋጋ ስለከበደኝ በጋሪ ከሚሸጡት ልጆች ኮኮናት ገዝቼ ራሴ ጨመቅኩ። ሽታው ደስ ይል ነበር፤ ሎሚ ጨምቄበት ሲፈላ ግን እርጎ መሰለ፣ ተቆራረጠ። ደፋሁት። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አልተበላሸም ነበር! በጣም ነው ያዘንኩት። ሎሚና ኃይለኛ እሳት ሲገናኙ የኮኮናቱ ፕሮቲን ይረጋል፣ ቅባቱም ይለያል። መልኩ ይከፋል እንጂ የሚጎዳ ነገር የለውም፣ ጣዕሙም አይጠፋም። ሎሚ የሚጨመቀው ሳህን ላይ ነው፤ ድስት ውስጥ አይገባም። ቀጭኑ ወተት ከገባ በኋላም እሳቱን ቀንስ፣ ድስቱን አትክደነው። በነገራችን ላይ ቀዩ ዘይት ከላይ ሲንሳፈፍ ተለያየ ብለህ እንዳትደነግጥ፤ እሱ የሚፈለግ ነው፣ ለኮዬ ፈጬዋ እህቴ ያልኩትን እይ።

ራስህ መጭመቅህን ግን ወድጄዋለሁ። ስትገዛ ወዝውዘው፤ ውሃው ውስጡ ሲንቦጫቦጭ መስማት አለብህ። ሦስቱ ዓይኖቹ እርጥብ ወይም የሻገቱ ከሆኑ ተወው። በቢላ ጀርባ ወገቡን እያዞርክ ምታው፣ ራሱ ይሰነጠቃል። ነጩን ፈቅፍቀህ አውጣ፣ ፍቀው፣ በ1 ኩባያ ሙቅ ውሃ (የሚፈላ አይደለም፣ እጅህን የማያቃጥል) እሸው፣ በንጹሕ ነጠላ ጭመቅ። ይህ ወፍራሙ ነው፣ ለማቁላላት። እዚያው ላይ ሌላ 1 ኩባያ ጨምረህ ድገመው፣ ይህ ቀጭኑ ነው፣ ለሾርባው። ለብቻህ አንድ ፍሬ ይበቃሃል፣ እንዲያውም ለነገም ይተርፍሃል። መፋቁ ከሰለቸህ ለኬክ የሚሸጠው ደረቁ የኮኮናት ፍርፋሪም ይሆናል፣ ስኳር የሌለበት ከሆነ። 2 ኩባያ ፍርፋሪ በ3 ኩባያ ሙቅ ውሃ 15 ደቂቃ ዘፍዝፈህ በብሌንደር ምታውና ጭመቅ። ከትኩሱ ፍሬ ትንሽ ያንሳል፣ ግን ጥሩ ነው።

ምድጃው አንድ ስለሆነ ኑድልሱን አስቀድመህ ቀቅል፣ ትንሽ ዘይት ቀባ አድርገህ ክደነው። ሾርባው የሚንተከተክ ሆኖ ሲፈስበት ይሞቃል።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ በፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቄ ኑድልሱ ጥሬ ይሆንብኛል፤ ዶሮውም በ25 ደቂቃ ይበስላል የሚል አሠራር አይቼ ስሞክር ጎማ ነው። ጋዜ ደካማ ሆኖ ነው?

መልስ፦ ጋዙ አይደለም፣ ከፍታው ነው። እዚህ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ እናንተ ሱሉልታዎች ደግሞ ከእኛም ትበልጣላችሁ። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ ገና በ92 ዲግሪ ገደማ መፍላት ይጀምራል። እሳቱን ብትጨምሩ ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ቺያንግ ማይ ግን ከባሕር ጠለል 300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አሠራሩም የተጻፈው ለእንደዚያ ዓይነት ቦታ ነው። ስለዚህ ፓኬቱ 8 ደቂቃ ካለ 10 ወይም 11 ይሁን፣ በጥርስ ሞክሩት። የፈረንጅ ዶሮ ጭን 40 ደቂቃ፤ የሐበሻ ዶሮ ከሆነ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ብትሰጡት አይበዛበትም። የሐበሻ ዶሮ የያዛችሁ እንደሆነ አስቀድማችሁ በውሃ ለብቻው ቀቅሉት፣ መረቁን ለሾርባው ተጠቀሙ፤ ኮኮናቱ ያን ያህል ጊዜ እሳት ላይ መቆየት የለበትም።

እዚያው ሱሉልታ ያለች ሌላ እህት የኮኮናት ዘይቴ ብልቃጥ ውስጥ ነጭ ሆኖ ደረቀ፣ ልጣለው ወይ ብላለች። አትጣዪው። ከ24 ዲግሪ በታች ሲሆን ይረጋል፣ ቤትሽ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው። ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሚው።

ጥያቄ (ከገላን)፦ ሚጥሚጣ ብጨምርበትስ? ከተረፈስ ያድራል?

መልስ፦ ሚጥሚጣው ድስቱ ውስጥ አይግባ፣ ልጆች ካሉ ይቸገራሉ። እነሱ በዘይት የታሸ በርበሬ ለብቻው ነው የሚያቀርቡት። 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አሙቂ፣ ከእሳት አውርደሽ ትንሽ ይብረድለት፣ ከዚያ 1 የሾርባ ማንኪያ ሚጥሚጣ ጨምረሽ አማስዪው። ትኩስ ዘይት ላይ ከጨመርሽው ያርና ይመራል፣ ቤቱንም በሳል ይሞላዋል። ማንኪያ ጫፍ እየተነሳ ሳህን ላይ ነው።

ማደሩን በተመለከተ ሾርባው ያለ ኑድልሱ ፍሪጅ ውስጥ 2 ቀን ይቆያል። ኮኮናት ግን ቶሎ ይኮመጥጣል። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ካደረ ጠዋት ከፍተሽ አሽትቺው፤ ትንሽ እንኳ ኮምጠጥ ካለ ወይም አረፋ ካወጣ ድፊው፣ ማሞቅ አያስተካክለውም። ከቆርቆሮ የተረፈ ወተት ካለሽ በቆርቆሮው አታስቀምጪው። የበረዶ መሥሪያው ላይ አፍስሺና ይጋገር፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቁሌቱ ላይ ጠብ የምታደርጊው እሱን ነው፣ አንድ አንድ ፍሬ እያነሳሽ።